ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሻሻልና የአማርኛ ሰነዶች

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሻሻል የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም በአዲስ እትም መተካት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ጉዳዩ ብዙ ቤት አንኳኩቷል። በዘመቻ ሙሴ (1984–85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (1991) ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች በቂርያት መላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ ደግሞ ዕብራይስጥና አማርኛ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቋንቋን ይመለከታል። በዕብራይስጥ የተጫነ ዊንዶውስ ፕሮግራሞቹን ሳያጣ የሚሻሻለው በዕብራይስጥ እትም ነው፤ በእንግሊዝኛው ከተሞከረ ፕሮግራሞቹ አይተርፉም። በማንኛውም መንገድ ፎቶና ሰነድ አስቀድሞ በውጫዊ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለበት። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው እትም ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 10 ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ግን የባሰ ነው፦ ፋይሉ ሳይጠፋ የማይነበብ ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፎንት የሚይዘው ቦታ ከ256 ስለማይበልጥ፣ ሆሄያቱ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፋፈሉ ነበር። ፎንቶቹ በሌሉበት ኮምፒውተር ላይ የአያት ታሪክ የተጻፈበት ገጽ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይከፈታል።

ፊደሉን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ያዋለው ማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ስማቸው በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ሁለቱም ደጋፊዎች አሏቸው። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ቦታ የየራሳቸውን መፍትሔ መሥራታቸው፣ የቆዩ ሰነዶች እርስ በርስ የማይግባቡበትን ምክንያት በከፊል የሚያስረዳ ይመስላል።



የቆየ የአማርኛ ሰነድ ያለው ሰው፣ አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ የፎንት ፋይሎቹን ከሰነዱ ጋር ይገልብጥ፤ ሰነዱንም ፎንቱን አካትቶ በፒዲኤፍ ያስቀምጥ።