የብሔራዊ ቡድናችን ተስፋና የመዝገብ ነገር

ድል የተገኘበትን ቀን መተረክ ለሁሉም ደስ ያሰኛል፤ ድል ለጥቂት ያመለጠበትን ዘመን መርምሮ መጻፍ ግን ብዙ ወዳጅ የለውም። ይሁን እንጂ ታሪክ ለትምህርት የሚጻፍ ከሆነ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ በብራዚል ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ለመድረስ ያደረገውን ጉዞ ባጭሩ እንመለከታለን።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ውድድር ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ዋንጫውንም በ1954 ዓ.ም. አንሥታለች። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ግን በዚያ መድረክ ሳትታይ 31 ዓመት አለፈ። ይህ ረጅም ዝምታ የተሰበረው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በኦምዱርማን በሱዳን 5 ለ 3 ከተረታ በኋላ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በሰው አገር ባገባቸው ግቦች ብልጫ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃ።

በዓለም ዋንጫው ማጣሪያም ምድቡ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ሆነ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲረታ፣ ከአምስት ግጥሚያ አራቱን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጥቶ 13 ነጥብ ይዞ ነበር። ተከታዩ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ብቻ ስለ ነበረው የምድቡ ነገር ያለቀ መሰለ። ከአዳማ ጀምሮ በሞጆ፣ በዓለም ጤናና በመቂ እስከ ባቱ ድረስ በምንኖር ሰዎች ዘንድም ደስታው ታላቅ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ቀን ሌላ ወሬ ተሰማ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ግጥሚያ፣ ቀደም ሲል በሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ የተሰጠው አንድ ተጫዋች፣ ደንቡ እንዲያርፍ ሲያዝ፣ ተሰልፎ መጫወቱን የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ደረሰበት። የአገራችን ፌዴሬሽንም ስሕተቱን አመነ። የተጫዋቹን ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ ካርድ መቁጠርና ደንብ መጠበቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነውና። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ የእኛም ነጥብ ወደ 10 ወረደ።

ስለ ሆነም ያለቀ የመሰለው ሥራ እንደ ገና ተጀመረ። ጳጉሜን 2 ቀን ቡድኑ ወደ ብራዛቪል ሄዶ የመካከለኛው አፍሪካን ቡድን 2 ለ 1 ረታ፤ በ13 ነጥብም የምድቡ መሪ ሆኖ አለፈ። ቀጥሎ የገጠመው የዚያው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረውን ናይጄሪያን ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ ቀድመን መራን፤ ሆኖም ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት ግብ አገባ፤ ሁለተኛይቱም በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘች ነበረች። ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈን ጉዞው አበቃ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በናይጄሪያ የተሸነፍነው በመዝገብ ጉድለት አይደለም፤ ተጋጣሚያችን በልምድና በጉልበት ይበልጠን ስለ ነበር ነው። ይህን የሚፈውሰው ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ጀምሮ በትዕግሥት ማሠልጠን ነው፤ ዓመታትም ይፈጃል። የሦስቱ ነጥብ መጥፋት ግን አንድ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ገልጦ ቢያይ ኖሮ ሊቀር ይችል ነበር። ሁለቱን አደባልቆ «ዕድል የለንም» ማለት ለመጀመሪያው ሰነፍ፣ ለሁለተኛው ቸልተኛ ያደርጋል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እኛ ግን የተጻፈውም ካልተነበበ እንደሚረሳ ከዚህ ታሪክ ተምረናል። መዝገብ በእጃችን ያለን የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ሁሉ ልናስበው የሚገባ፣ በሜዳ የሚሮጠው ሰው ድካም በእኛ ጠረጴዛ ላይም የሚጠበቅ ወይም የሚባክን መሆኑን ነው።