ከአኩፋዳ እስከ ኪራይ ቤት፦ በአገው ምድር ወጣት ራሱን ይችል ስለ ነበረበት ልማድ

በቀድሞው ዘመን በአገው ምድር፣ ይኸውም ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ተብሎ እንጅባራን ዋና ከተማው ባደረገው አገር፣ የልደት ቀን መዝግቦ የሚያኖር ጸሐፊ ስላልነበረ፣ አንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱን ሽማግሎች የሚመዝኑት በእጁ ሥራ ነበር። ከጥጃ ጠባቂነት ተነሥቶ ላምና በሬ ወደ መጠበቅ ያደገ፣ ከዚያም ሞፈርና ቀንበር ተረክቦ ትልሙን ሳያጣምም ያረሰ፣ በደቦና በወንፈል ቀን ከጎልማሶች ተርታ ቆሞ እስከ ማታ የዋለ ወጣት፣ ጺሙ ባያቀመቅም እንኳ እንደ ሕፃን መታየቱ በዚያ ያበቃ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰባት ቤት አገው ተብሎ የሚታወቀው የዚህ ምድር ሕዝብ ልጁን የሚፈትነው በፈረስ ነው። ፈረስ በዚህ ደጋ አገር ለጦርና ለክብር ብቻ የተለየ እንስሳ አይደለም፤ ጭነት ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶ ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ይሰለፋል፣ ቀንበር ተጭኖ እርሻ ሲያርስ ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ያለ የቤት ምሰሶ ለአንድ ወጣት በአደራ ሲሰጠው፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሣር ማጨድን፣ ሰኮናውን መመርመርን፣ ኮርቻ የላጠውን ጀርባ ማከምን፣ ልጓም የሚነክሰውን ውርንጭላ በትዕግሥት መግራትን ይማራል፤ ቸል ያለ እንደ ሆነም ጉድለቱ በማግሥቱ በፈረሱ ገላ ላይ ስለሚነበብ አባት መገሠጽ አያስፈልገውም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ገና በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች ሲሆን፣ በዓሉ ፈረሶች በዓድዋ የዋሉትን ውለታ የሚዘክር ነው። እንግዳው ተመልካች በዚያ ዕለት ዐይኑን በጉግሱና በፈረሱ ጌጥ ላይ ይተክላል፤ እኔ ግን ከሰልፉ ኋላ ልጓም ይዘው የሚቆሙትን ታዳጊዎች መመልከት ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ።

ስለ ወንዶቹ ይህን ያህል ካመሰገንን ስለ ሴቶቹ ዝም ማለት ታሪክን በግማሽ መንገር ይሆናል። የአገው ልጃገረድ ፈትሉን፣ ወፍጮውን፣ ጥንስሱንና ምጣዱን ከእናቷ ጓዳ ጠንቅቃ ትማር ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሙያ የሚታሰብላት ለሰው ቤት እንጂ ለራሷ አዳሪነት አልነበረም፤ ጊዜውም ሳይደርስ ትዳር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ወሰነ፤ ልማዱ ግን ከዚያም በታች ይወርድ ነበር። ለሁለቱም እኩል 18 ዓመት የተደነገገው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲሆን፣ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የታወቃቸው ሰዎች በ1996 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሞሰቦ ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የተባለውን ሥራ ጀመሩ፤ ልጃገረዶችን በጉባኤ ሰብስበው ፊደልና የኑሮ ሙያ እያስተማሩ፣ ሳትዳር ሁለት ዓመት ለቆየችው ልጅ ቤተሰብ ፍየል ይሰጡ ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ድሀ አባት ልጁን ለምን እንደሚድር ለተረዳ ሰው ግን ብልሃቱ ይገለጥለታል።

ወደ ወንዶቹ እንመለስና፣ በጎጃም ምድር ወጣትን ከወላጅ ጉያ አውጥቶ ሰው የሚያደርገው ታላቁ ተቋም ያለ ጥርጥር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ አንዳንዴም ከአባቱ ተሰውሮ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ለምኖ ያገኘውን የሚይዝበትን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ይወጣል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ እየተባለ ስማቸው የሚጠራው ጉባኤያት ከአገው ምድር በእግር የሚደረስባቸው ነበሩና መንገዱ ከእንዲህ ያለ መንገደኛ አይለይም ነበር። ደራሲው ሀዲስ አለማየሁም ከቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ ነው።

በዚያ ሕይወት ውስጥ የተማሪው ዕውቀት ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ በየደረጃው ሲወጣ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ማንም መምህር ነኝ የማይለው ሌላ ትምህርት ነበር። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ሣሩን አጭዶ ይከድናል፤ የተቀደደ ልብሱን ይጠቅማል፤ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እርሻቸውንም ያርማል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ አድርቆ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ ግብጦ ባገኘ ጊዜ ምሬቱ እስኪለቅ በወራጅ ውኃ ውስጥ ቀናት ማሰንበት እንዳለበት ያውቃል። ጓደኛው በተስቦ ቢወድቅ ውኃ የሚያቀብለው እርሱ ነው፤ ቢሞትም የሚቀብረው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ከሚያስከብረው አንጋፋ ተማሪ ዐይን ሥር ሆኖ፣ ላጠፋው ጥፋት ቅጣት እየተቀበለ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ያ ሕፃን ከዘመድ ርቆ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ? መልሱ በልጁ ብርታት ብቻ አይገኝም። ቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ልጅ ወላጅ የሌለበት ይሁን እንጂ ባለቤት የሌለው አልነበረም፤ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ እንጀራ የምትቈርስለት እናት ጠዋት ካላየችው የት ገባ ብላ ትጠይቃለች፣ የኔታም ስለ ጠባዩ በደብሩ ፊት ተጠያቂ ናቸው። ረኀቡንና እከኩን እያሰብን ያንን ኑሮ እንደ ገነት ልናወድሰው አይገባም፤ ብዙ ልጅ በመንገድ ቀርቷል። ነገር ግን ለወጣት ነፃነትን በሰጠበት እጅ ጠባቂም መስጠቱ ከዘመናችን የሚበልጥበት ጥበብ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የእጅን ሙያ ፈጽሞ አልናቀም፤ ባልትናና እጅ ሥራ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ስፍራ ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ልኮ፣ ብዙ የከተማ ልጅ ማገዶ መልቀምና ወጥ መሥራት የጀመረው በዚያን ጊዜ ነበር፤ ፖለቲካው ሌላ ጉዳይ ነው። እየቆየ ግን የትምህርት ቤቱ ፈተና ሁሉን ዋጠው፤ ባልትናም ከትምህርት ይልቅ የበርበሬና የሽሮ መሸጫ ስም ሆኖ ቀረ።

የቆሎ ተማሪው እውነተኛ ወራሽ ዛሬ ያለው በእንጅባራና በዳንግላ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቀበሌው የራቀበት የገጠር ልጅ፣ ከመንደሩ ልጆች ጋር ሁለት ሦስት ሆኖ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወይም በባጃጅ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ እሑድ ማታ ዱቄቱን፣ ድንቹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ስንቁን በልክ ማድረግ፣ ከጓደኛው ጋር የከሰልና የመብራት ሒሳብ መካፈል፣ ተራ ገብቶ ማብሰል፣ ታሞ ጤና ጣቢያ ብቻውን መሄድ የዕለት ተዕለት ግብሩ ነው። ወንዱ ልጅ እናቱ ቤት ያልነካውን ምጣድ እዚህ ይለምዳል፤ ይህም በአገራችን ማንም ሳያስበው የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው። ሴቷም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያዋን ለራሷ ኑሮ ታውለዋለች።

ጉድለቱ ግን ግልጥ ነው፤ የኪራይ ቤቱ ልጅ የቆሎ ተማሪውን ሸክም ሁሉ ሲወርስ የኔታንና መንደሩን አልወረሰም። አከራይ ወር ሲሞላ ኪራዩን እንጂ ልጁ ማደር አለማደሩን አይጠይቅም፤ መምህርም ከደወል በኋላ የት እንደሚገባ አያውቅም፤ የልጃገረዷ በር በሌሊት ሲንኳኳ የምትጠራው ዘመድ የላትም። ስለዚህ የእንጅባራና የዳንግላ ነዋሪዎች፣ በተለይም ክፍል የምታከራዩ እናቶችና አባቶች፣ የየሰፈሩ ዕድርና የየደብሩ ሰበካ ጉባኤ፣ አያቶቻችሁ አኩፋዳ ላንጠለጠለው እንግዳ ልጅ ያደረጉትን ለእነዚህም አድርጉ፤ ስማቸውንና የመጡበትን ቀበሌ እወቁ፣ ቢታመሙ ጠይቁ፣ እሑድ ማታ ያልተመለሰ ቢኖር ሰኞ ጠዋት ወሬውን አፈላልጉ።