ብረትና አርማታ በአንድነት፦ የናይቶ ህንፃና የ1923ቱ የቶክዮ የመሬት መንቀጥቀጥ

ማናቸውም ረጅም ህንፃ ሁለት ዓይነት ኃይል ይቋቋማል። አንደኛው ዘወትር ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ከጎን የሚገፋው የነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ነው። የብረት ምሰሶና ወራጅ ክብደትን በመሸከም ረገድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የታወቁ ነበሩ። ከጎን የሚመጣውን ኃይል ለመመከት ግን የአርማታ ግድግዳ እንዲያግዛቸው ያደረጉት የጃፓን መሐንዲሶች ናቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮፌሰር ሳኖ ቶሺካታ በ1910ሮቹ ዓመታት፣ የመንቀጥቀጡን ኃይል ከህንፃው ክብደት የተወሰነ እጅ አድርጎ በአግድም የማስላትን ዘዴ አቀረቡ። ይህን ስሌት በሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ደቀ መዝሙራቸው፣ የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲው ታቹ ናይቶ ይገኙበታል። ናይቶ ወደ አሜሪካ በተጓዙ ጊዜ ብዙ ዕቃ እንዲይዝላቸው ሲሉ የሣጥናቸውን የውስጥ ክፍልፋዮች አውጥተው ኖሮ፣ ሣጥኑ በመንገድ ተጨፍልቆ እንዳገኙትና ከዚህም የግድግዳን ጥቅም እንደተገነዘቡ ይነገራል።

በሰኔ 1923 በቶክዮ የተፈጸመው የጃፓን ኢንዱስትሪ ባንክ ህንፃ የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ነበር። ባለ ሰባት ፎቁ ህንፃ የብረት ምሰሶዎቹና ወራጆቹ በአርማታ የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የአርማታ ግድግዳዎች ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጡ ቆመውበታል። ናይቶ የጎን ኃይሉን ከክብደቱ አንድ አሥራ አምስተኛ አድርገው ወሰዱ፤ ይህንንም ለየክፍሉ እንደ ግትርነቱ መጠን አከፋፈሉ። ህንፃው እንዳይጠማዘዝም ግድግዳዎቹን በሚዛናዊ አቀማመጥ ደለደሉ።

ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ መጣ። መስከረም 1 ቀን 1923 መጠኑ 7.9 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥና ተከትሎት የተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ። በአሜሪካ አሠራር የተሠራው የማሩኖውቺ ህንፃ ባይወድቅም ተጎዳ፤ የባንኩ ህንፃ ግን ያለ ጉዳት ቆሞ ተገኘ ለማለት ይቻላል። በማግሥቱ ዓመት የጃፓን የግንባታ ሕግ የክብደትን አንድ አሥረኛ የጎን ኃይል አድርጎ ደነገገ። ብረትን በአርማታ የመሸፈኑም ዘዴ በአገሪቱ ተስፋፋ።

ይህ ታሪክ ስምጥ ሸለቆ ለሚያቋርጣት ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1961 የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሡት ንዝረቶችም እስከ አዲስ አበባ ተሰምተዋል። በከተሞቻችን ግን የብሎኬት ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ መከለያ ብቻ ነው። መሐንዲሱ በስሌቱ ባያስገባውም ግድግዳው በግትርነቱ ኃይልን ወደ ራሱ ይስባል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ክፍት ሆኖ ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ሲደፈን፣ ጉዳቱ ግድግዳ በሌለው ፎቅ ምሰሶዎች ላይ ይከማቻል። የአሳንሰር ግድግዳ በአንድ ጥግ ሲወሰንም ህንፃው ይጠማዘዛል። ስለዚህ የግድግዳው ቦታ ከምሰሶውና ከወራጁ ጋር አብሮ፣ ገና በንድፉ ጊዜ ሊወሰን ይገባዋል።