የተመራማሪው አእምሮና ብዕሩ

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በስሌትና በቤተ ሙከራ ሥራ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፉ የተዘበራረቀ ሆኖ መገኘቱ ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜም «ይህ ሰው ማሰብ አይችልም» የሚል ፍርድ ይሰጥበታል። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የጉዳዩን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ያሻል።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 የልዩ ልዩ ፈተናዎችን ውጤት አነጻጽሮ፣ ከሁሉም በስተጀርባ አንድ አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ አለ የሚል አሳብ አቀረበ። በዚህ አሳብ ብቻ የተመራ ሰው በሒሳብ የበረታ ሁሉ በጽሑፍም ይበረታል ብሎ ቢጠብቅ አያስደንቅም፤ ስፒርማን ራሱ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ችሎታ መኖሩን አልካደም። በ1974 አለን ባድሊና ግራም ሂች፣ አጭሩ የማስታወስ ችሎታ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ብቻ ሳይሆን ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ጭምር መሆኑን አስረዱ። ጠረጴዛው ግን ጠባብ ነው።

ትልቁ እርምጃ የታየው በ1981 ነው። በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ፣ ጸሐፊዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ በማድረግ አጠኑ። ማቀድ፣ መጻፍና ማረም ተራ ጠብቀው የሚከናወኑ ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ የሚገባ ሥራ መሆናቸው ታወቀ። (እኛስ ብንሆን ንድፍ፣ ግንባታ፣ ፍተሻ እያልን በተራ የምንደረድረው በወረቀት ላይ አይደለምን?) በ1987 ቤራይተርና ስካርዳማሊያ የሚያውቁትን በመዘርዘርና የሚያውቁትን እየጻፉ በመለወጥ መካከል ያለውን ልዩነት አሳዩ። የምርምር ጽሑፍ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ሮናልድ ኬሎግ ደግሞ በ2008 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የአንባቢን አስተያየት ጭምር በአእምሮ ይዞ ለመጻፍ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ልምምድ እንደሚያስፈልግ ገለጸ።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። የአገራችን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። ለአፉ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ቃል ሲመርጥ፣ ሰዋስው ሲያስተካክል፣ ያ ጠባብ ጠረጴዛ ይሞላና ለክርክሩ ቦታ ይጠባል። በዚህ ሸክም ሥር የተጻፈን ገጽ አንብቦ ስለ ተማሪው የማሰብ ችሎታ መፍረድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ድልድዩን ትቶ ቀለሙን እንደ መመርመር ነው። አማካሪው በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀዩን ብዕር አስቀምጦ የአሳቡን ተያያዥነት ብቻ ቢያይ፣ ተማሪውም ረቂቁን በሚቀናው ቋንቋ ቢጀምር፣ ሰዋስው በኋላ ይደረስበታል።