ሌሙር ባሕሩን እንዴት ተሻገረ? የምድር ቅርፊት እንቅስቃሴና የደሴት እንስሳት

ማዳጋስካር ከሞዛምቢክ ጠረፍ በጠባቡ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ይሁን እንጂ በዱሯ አንበሳም፣ ዝሆንም፣ ቀጭኔም፣ ጦጣም የለም። በምትኩ በተፈጥሮ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ100 በላይ የሌሙር ዝርያዎች ይኖሩባታል።

ምድሪቱ በጥንት ዘመን ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከሌሎች ጋር ጎንድዋና የተባለው ግዙፍ አህጉር አካል ነበረች። ከ160 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከሕንድ ጋር እንደተያያዘች ከአፍሪካ ተለየች፤ ከ88 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ሕንድ ትታት ወደ ሰሜን አቀናች። ታዲያ እንስሳቱ መሬቱ ሲሰነጠቅ በላዩ የቀሩ ናቸው ማለት ይቀልል ነበር፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። የሌሙር ቅድመ አያቶች የደረሱት ደሴቷ ብቻዋን ከቀረች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ እንደሆነ የዘረመል ጥናቶች ያመለክታሉ።

አሜሪካዊው ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን በ1940 (እ.ኤ.አ.) እንስሳቱ በጎርፍ ተገንድሶ ወደ ባሕር በገባ የዛፍና የሥር ክምር ላይ ተንሳፈው ሳይሻገሩ እንዳልቀሩ ጻፈ። በየብስ ድልድይ ቢሆን ኖሮ ብዙ ዓይነት አራዊት በተከታተሉ ነበር። ዛሬ ከሌሊት ወፎች በቀር የደሴቷ ነባር አጥቢዎች ግን አራት ወገን ብቻ ናቸው፤ ሌሙሮች፣ ቴንሬክ የተባሉ ጃርት መሰል እንስሳት፣ አይጦችና እንደ ፎሳ ያሉ ሥጋ በሎች። አንዳንዶቹ ሌሙሮችና ቴንሬኮች ዛሬም ሳይበሉ ለወራት ማንቀላፋት ይችላሉ፤ ይህ ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ትልቅ ስንቅ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ግን ነበር። የዛሬው የባሕር ሞገድ በአመዛኙ ከደሴቷ ወደ አፍሪካ ይገፋል እንጂ በተቃራኒው አይደለም። ጄሰን አሊና ማቲው ሁበር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የኮምፒውተር ስሌት ለዚህ መልስ ሰጠ። በዚያ ዘመን ማዳጋስካርም አፍሪካም ከዛሬው ይልቅ ወደ ደቡብ ርቀው ስለነበሩ ሞገዱ አልፎ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይፈስስ ነበር። የምድሪቱ ወደ ሰሜን መንቀሳቀስ ሞገዱን ሲለውጠው በሩ ተዘጋ።

ነገሩ ተረት የሚመስለው ካለ፣ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በካሪብያን ባሕር ከከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ ቢያንስ 15 ኢጓናዎች በግንድ ክምር ላይ ሆነው ቀድሞ ዝርያቸው ባልነበረባት የአንጉይላ ደሴት ላይ ደርሰዋል።

በሌላ ስፍራ የሚወስነው የባሕሩ ጥልቀት ነው። ከ20 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በበረዶው ዘመን የባሕር ወለል በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሱማትራ፣ ጃቫና ባሊ ከእስያ ጋር ተገናኝተው ነበር፤ ነብርም በእግሩ ባሊ ደረሰ። ከባሊ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሎምቦክ ላይ ግን አልደረሰም። በመካከል ያለው ሰርጥ እጅግ ጥልቅ በመሆኑ ፈጽሞ አልደረቀም።

ለብቻ መኖር ግን ጉዳትም አለው። በማዳጋስካር ሰው ከሰፈረ ወዲህ ጎሪላ የሚያህሉት ሌሙሮችና ድንክ ጉማሬዎች ጠፍተዋል፤ ዛሬ የቀሩት የሌሙር ዝርያዎች አብዛኞቹም በደን ጭፍጨፋ ሳቢያ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል።

የመሬት መሰንጠቅ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአፋር ዳባሁ አካባቢ በ2005 (እ.ኤ.አ.) 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቷል። ስምጥ ሸለቆው በዚሁ ከቀጠለ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ባሕር ገብቶበት ምሥራቅ አፍሪካን ከተቀረው አህጉር ሊለያት ይችላል።