የደርዓ ጣቢያ፦ የሑጃጆች ሐዲድና የሐውራን ስንዴ

ስለ ሒጃዝ ባቡር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የሐጅ ጉዞ ነው። ዛሬ ግን በደቡብ ሶሪያ ስለምትገኘው የደርዓ ጣቢያና ስለ ጭነቷ እንነጋገራለን።

ሱልጣን አብዱልሐሚድ ዳግማዊ የሐዲዱን ግንባታ ያዘዙት እ.ኤ.አ. በ1900 ነበር። ከኦቶማን ግዛት ውጪ ካሉ ሙስሊሞች፣ ከሕንድ ጭምር፣ መዋጮ ተሰበሰበ። ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተቆረጠ፤ የዒድ አል-አድሐ እርድ ቆዳ ሳይቀር እየተሸጠ ለሥራው ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ባቡሩ መዲና ሲገባ፣ ከደማስቆ በግመል አርባ ቀን ያህል ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ።

ይሁንና ሐጅ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በቀሩት ወራት ፉርጎዎቹ ምን ይጫኑ? ለዚህ መልስ የሰጠችው ደርዓ ናት። በዙሪያዋ ያለው የሐውራን ሜዳ በስንዴው የታወቀ ነው። ቀድሞ እህሉ በግመል ተጭኖ ወደ አካና ወደ ሐይፋ ወደቦች ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ከደርዓ ተነስቶ በያርሙክ ሸለቆ ወደ ሐይፋ የሚወርደው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቅርንጫፍ ሲከፈት ግን ስንዴው በባቡር ይጓዝ ጀመር። እህሉን ወደ ቤይሩት ይወስድ የነበረው የፈረንሳይ ኩባንያ መስመርም ተፎካካሪ መጣበት። ሐይፋም በዚህ ንግድ አደገች። በአንጻሩ ከማዓን በስተደቡብ ያለው በረሃማ መስመር ከሑጃጅና ከወታደር በቀር እምብዛም ጭነት አልነበረውም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሐዲዱን ተከፋፈሉት። ሙስሊሞች «ይህ ወቅፍ ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ሃይማኖታዊ ባሕርዩን ቢቀበሉም፣ ንብረቱ ግን ወደ አንድ እጅ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1946 የፓልማህ ታጣቂዎች አል-ሒማ አጠገብ የያርሙክን ድልድይ አፈረሱ፤ የ1948ቱ ጦርነት ተከተለ፤ ድልድዩም ሳይጠገን ቀረ። ደርዓ ወደቧን ያጣችው ያኔ ነው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! ድሃው የእርዱን ቆዳ የሰጠው ለሐጅ ብሎ ነው፤ ሐዲዱ ግን ለገበሬውም እንጀራ ሆነ። የወቅፍ ጥቅሙ እንዲህ ሰፊ ነው። ሐዲዱ ሲከፋፈል ሐጃጁም፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም አብረው ተጎዱ። በየአካባቢያችን ያሉትን የወቅፍ ንብረቶች ማን እንደሚያስተዳድራቸው፣ ሒሳባቸውንም ማን እንደሚመረምር ከወዲሁ እንጠይቅ።