ላኪውን ለይቶ መጥራት፦ የመልቲካስት አጭር ታሪክ

አንድን መልእክት ለብዙ ተቀባዮች ማድረስ በኮምፒዩተር መረብ ሙያ ውስጥ ገና ከጧቱ የተነሣ ጥያቄ ነው። ላኪው ለሺህ ተቀባይ ሺህ ቅጂ ቢልክ መሥመሩ በአንድ ዓይነት መልእክት ይጨናነቃል፤ ለሁሉም ቢበትነው ደግሞ ያልፈለገውም ይደርሰዋል። መልቲካስት የተባለው ዘዴ የታሰበው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ላኪው አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ ራውተሮች፣ ማለትም መልእክቱን በየአቅጣጫው የሚመሩት መሣሪያዎች፣ መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ያባዙታል።

የአሳቡ ዋና ጠንሳሾች በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ስቲቭ ዲሪንግና ዴቪድ ቼሪተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ንድፍ ተሻሽሎ በ1989 የኢንተርኔት ደንብ ሆነ። በደንቡ መሠረት ተቀባዩ የቡድኑን አድራሻ ጠርቶ አባል ይሆናል፤ ወደ ቡድኑ ለመላክ ግን አባልነት እንኳ አያስፈልግም። በ1992 የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል በሳንዲያጎ ያካሄደው ስብሰባ ድምፅ በዚሁ ዘዴ ወደ ሩቅ አገሮች ሲሰራጭ፣ ተስፋው ታላቅ ነበር።

ይሁን እንጂ የንድፉ ቸርነት ዕዳ አስከተለ። ተቀባዩ ቡድኑን እንጂ ላኪውን ስለማይጠራ፣ ላኪውን ፈልጎ የማግኘቱ ሸክም በመረቡ ላይ ወደቀ። ከቀደምቶቹ ዘዴዎች አንዱ መልእክቱን በመላው መረብ በትኖ ያልፈለገውን ቅርንጫፍ በኋላ መቁረጥ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ላኪና ተቀባይ የሚተዋወቁበት አንድ የመገናኛ ራውተር መሰየም ሆነ። ነገር ግን የየድርጅቱ መገናኛ ራውተሮች ላኪዎቻቸውን እርስ በርስ ማስታወቅ ስላለባቸው ሥራው ተወሳሰበ። ከዚህም በላይ ማንም ያልተጋበዘ ላኪ ቡድኑን ሊረብሽ ይችል ነበር።

በ1999 ሂዩ ሆልብሩክ ከዚያው ከቼሪተን ጋር በመሆን ሌላ መንገድ አመለከተ። በዚህ አሠራር አንድ ቻናል የሚታወቀው በላኪውና በቡድኑ አድራሻ በአንድነት ነው። ተቀባዩ «ከዚህ ላኪ የሚመጣውን የዚህን ቡድን መልእክት እፈልጋለሁ» ብሎ በአቅራቢያው ላለው ራውተር ያስታውቃል፤ ለዚህ የሚያገለግለው ደንብ በ2002 ወጣ። ራውተሩም ጥያቄውን ከራውተር ወደ ራውተር እያሻገረ ወደ ላኪው ያቀናል፤ ጥያቄው ያንኑ ቻናል አስቀድሞ የሚቀበል ራውተር ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። መልእክቱ ጥያቄው በወጣበት መንገድ ይወርዳል። መገናኛ ራውተር አያስፈልግም፤ ያልተጠራ ላኪም መንገድ አያገኝም። ሁለት ላኪዎች አንድ የቡድን አድራሻ ቢይዙ እንኳ ቻናሎቻቸው አይምታቱም። አሠራሩ በ2006 ደንብ ሆኖ ጸደቀ፤ በአራተኛው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት በ232 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለዚሁ የተለዩ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ዋጋ አለው። ተቀባዩ የላኪውን አድራሻ አስቀድሞ ከሌላ ምንጭ ማወቅ ይኖርበታል፤ ሁሉም ተናጋሪ በሆነበት ጉባኤም አሠራሩ አይመችም። ቢሆንም አንድ ጣቢያ ለብዙ ተመልካች ለሚያሰራጨው ቴሌቪዥን ተስማሚ ነው። በ2020 ግብረ ኃይሉ በልዩ ልዩ አስተዳደር ሥር ባሉ መረቦች መካከል የቀድሞው ልቅ አሠራር ቀርቶ ይኸኛው እንዲተካ መክሯል።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ለማንኛውም መሐንዲስ ይጠቅማል። መረቡ ለሁሉም ሁሉን እንዲያደርግ የተጠየቀ ጊዜ ከበደው፤ የሚፈልገውን የሚያውቀው ተቀባይ አንድ ቃል በጨመረ ጊዜ ግን ሸክሙ ቀለለ።